ዱቲ የሌለበት ሌሊት



አዘጋጆቹ «ስለ ሙያሽ ንገሪን» ሲሉኝ እሺ አልኩ። ግን ሐኪም ለሐኪም ስለ ሕክምና ሲያወራ እራት እንደማይበላላችሁ ስለማውቅ፣ ስለ ጓሮዬ ልነግራችሁ መጣሁ። ከሙያዬም ብዙ አልርቅም።

አዲስ አበባ፣ ግቢዬ ውስጥ ከጌሾው አጠገብ፣ የፊት ሌንሱ ስፋት 80 ሚሊሜትር የሆነ ትንሽ ቴሌስኮፕ አለኝ። ከኋላው ካሜራ ይገጠማል፤ መቆሚያው ደግሞ ምድር ስትዞር ኮከቡን እየተከተለ ቀስ ብሎ የሚዞር ሞተር አለው። ሞተሩ በትክክል እንዲከተል በሰሜን ኮከብ አቅጣጫ መስተካከል አለበት። እኛ ጋ ሰሜን ኮከብ ከአድማስ ከፍ የሚለው 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ እሱንም የጎረቤቴ ፎቅ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ሌላ ኮከብ ላይ አነጣጥሬ፣ ሲንሸራተት እያየሁ፣ መቆሚያውን በጥቂት በጥቂቱ አርማለሁ። አንድ ሰዓት ይፈጃል። የሰፈሩ መብራትም ሰማዩን ያነጣዋል። መብራት ሲጠፋ ሐኪም ቀድሞ የሚያስበው ጄኔሬተሩን ነው አይደል? እኔ ግን ዱቲ ከሌለኝ ባትሪዬን ይዤ ወደ ጓሮ እሮጣለሁ።

መጀመሪያ የሞከርኩት አንድሮሜዳ ጋላክሲን ነው። በግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ያኔ ኢትዮጵያ ይሉ የነበረው ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ቢሆንም፣ እኔ ዘመድ አድርጌ ወሰድኳት። ብርሃኗ እኛ ዘንድ ለመድረስ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ጉዞ የጀመረው አፋር ውስጥ፣ ጎና ላይ የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች በተሠሩበት ዘመን አካባቢ ነው ማለት ነው።

60 ሴኮንድ ክፍት አድርጌ አንድ ፎቶ አነሳሁ። መሐሉ ላይ ደብዛዛ ጭላንጭል፣ ዙሪያውን የተበተነ ነጠብጣብ። በቃ! ለዚህ ነው እንቅልፌን ያጣሁት?

ለካ አንድ ፎቶ አይበቃም። 100 ፎቶ ተነሥቶ በኮምፒውተር ይደራረባል፤ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ መሆኑ ነው። የጋላክሲዋ ብርሃን በየፎቶው እዚያው ቦታ ይገኛል፤ ነጠብጣቡ ግን በየፎቶው ይለዋወጣል። ሲደመሩ ብርሃኑ 100 እጥፍ ሲያድግ፣ ነጠብጣቡ የሚያድገው 10 እጥፍ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ክንዶቿና ጥቋቁር የአቧራ መስመሮቿ ብቅ ይላሉ። የሚደጋገመው ነገር እውነት ነው፤ የሚለዋወጠው ሁካታ ነው።

ይህን ስረዳ አንዲት እናት ትዝ አለችኝ።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ በረጅም ዱቲ ማብቂያ ላይ፣ የስምንት ወር ልጇን ይዛ መጣች። ትኩሳቱ ወርዷል፤ ሳየው ደህና መሰለኝ። «ዶክተር፣ ልጄ እንደ ሌላ ጊዜው አይደለም» አለችኝ። ሦስት ጊዜ አለችኝ። «አይዞሽ እናቴ» ብዬ ሸኘኋት። በማግስቱ ይዛው ተመለሰች፤ ማጅራት ገትር ነበር። አላተረፍነውም።

የሥራ መልቀቂያ ጽፌ ለወራት በቦርሳዬ ይዤው ዞርኩ። ከእናንተ ለማንም አልተናገርኩም። ቴሌስኮፑንም የገዛሁት ሌሊቱ አልነጋ ስላለኝ እንጂ ለሳይንስ ፍቅር ብቻ አልነበረም።

ያቺ እናት ሦስቱንም ጊዜ ያለችኝ አንድ ነገር ነው። እኔ ግን ከሁካታው ቆጠርኩት። ደክሞኝ ነበር፣ ወረፋው ረጅም ነበር፤ ቢሆንም ልጁ የለም። ይህን የትኛውም ጋላክሲ አያስተካክለውም። አሁን ግን እናት ቃሏን ስትደግም ብዕሬን አስቀምጬ፣ ልጁን እንደገና ከራሱ እስከ እግሩ አየዋለሁ። ብዙውን ጊዜ ምንም አይገኝም። አንዳንዴ ይገኛል።

ደብዳቤውን ቀደድኩት ብላችሁ እዋሻለሁ፤ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ከእናንተም መሐል እንዲህ ያለ ደብዳቤ የያዘ እንደሚኖር እገምታለሁ፤ ስደውል «ደህና ነኝ» ስትሉኝ ድምፃችሁን እሰማለኋ!

ኅዳር ላይ ሰማዩ ይጠራል፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ አንድሮሜዳ ከፍ ትላለች። ጋቢያችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ቡናው በእኔ ነው። ካሜራው 100 ፎቶ እስኪያነሳ ድረስ የምንጫወትበት ጊዜ አለን።