ከመቂ ማሳ እስከ ማጀታችን

 

ሽንኩርት በተወደደ ቁጥር በየቤታችን «ነጋዴው በላን» እንላለን። ገበሬውም በበኩሉ «ልፋቴን በርካሽ ወሰዱብኝ» ይላል። በሁለታችን መካከል ያለውን መንገድ ግን ብዙዎቻችን አናውቀውም። ዛሬ ኢንሻአላህ እሱን አብረን እንከተል።

መቂ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። አካባቢዋ የዝዋይ ሐይቅና የመቂ ወንዝ ውኃ በሞተር እየተሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚለማበት ነው። ገበሬው ችግኝ ከተከለ በኋላ ከሦስት እስከ አራት ወር ይጠብቃል። እስከዚያው ለነዳጅ፣ ለማዳበሪያ፣ ለመድኃኒትና ለቀን ሠራተኛ ያወጣል፤ ብዙውን ጊዜም ተበድሮ ነው። ሽንኩርቱ ሲደርስ አንገቱ እስኪደርቅ ጥቂት ቀናት ጥላ ሥር ቢሰነብት ለረጅም ጊዜ ሳይበላሽ ይቀመጣል። ዕዳ ያለበት ሰው ግን መች ፋታ አለው? እርጥቡን ነቅሎ ይሸጣል። እርጥብ ሽንኩርት ደግሞ በኬሻ ታጭቆ ሲጓዝ ይታፈናል፣ ይበሰብሳል።

ቀጥሎ ደላላው ይመጣል። ገዢ ያገናኛል፣ መኪና ይፈልጋል። አይሱዙው ተጭኖ ሌሊቱን ይጓዝና ሳይነጋ አትክልት ተራ ይደርሳል። (አትክልት ተራ ስንል የፒያሳውን ለምዳችሁ ይሆናል፤ ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ ኋላም ወደ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛውሯል።) ጫኝና አውራጁ ድርሻውን ይወስዳል፣ ጅምላ ሻጩ ለቸርቻሪው ያስተላልፋል፣ ቸርቻሪው ለጉሊቷ። ጉሊት የተቀመጠችው እናት ከኬሻው የበሰበሰውን ለቅማ ስትጥል ኪሳራው በተረፈው ላይ ይጨመራል። ስለዚህ የዋጋው ልዩነት ሁሉ ትርፍ አይደለም። የነዳጅ፣ የላብና የብስባሽ ዋጋ አለበት። ዕቃን ካለበት ወደ ሌለበት ማድረስም ሐላል ሪዝቅ ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የት ላይ ነው? እንደኛ እይታ ዋጋ በመደበቁ ላይ ነው። ደላላው ማሳው ዳር ቆሞ በስልክ የአዲስ አበባን ዋጋ ሲጠይቅ፣ ገበሬው የሚሰማው ደላላው የነገረውን ብቻ ከሆነ ግብይቱ የዕውርና የዓይናማ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሸቀጥ ይዞ የሚመጣን ቅፍለት ገበያ ሳይደርስ መንገድ ላይ ጠብቆ መግዛትን ከልክለዋል። በሙስሊም ዘገባ እንደተላለፈው፣ እንዲህ የሸጠ ሰው ገበያ ደርሶ ዋጋውን ሲያውቅ ውሉን የማጽናትም የማፍረስም ምርጫ አለው። ከተሜው ለገጠሬው እንዳይሸጥለት የተከለከለበትንም ኢብኑ ዐባስ ሲያብራሩ ደላላ እንዳይሆንለት ማለት ነው ብለዋል። ዑለማዎች በዝርዝሩ ላይ የተለያየ አስተያየት አላቸው። ድለላ ሁሉ ሐራም ነው ማለታችንም አይደለም። ዋጋውን በግልጽ ነግሮ፣ የድካሙንም ተናግሮ የሚቀበል ደላላ ገበሬውን ይጠቅመዋል።

ሌላው የሚደበቀው ጉድለት ነው። እኛም አንድ ጊዜ ለሠርግ ብለን አንድ ሳጥን ቲማቲም ገዛን። ከላይ የተደረደረው ለዓይን ያሳሳል፤ ከሥሩ ግን ግማሹ ፈርጦ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ እጃቸውን የእህል ክምር ውስጥ ከተው እርጥበት ባገኙ ጊዜ፣ ሻጩ ዝናብ ነው ቢላቸው ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን አላደረግኸውም ብለው ወቅሰውታል። ያን ቀን ሻጫችን ዘንድ ተመልሰን ስንነግረው «እኔም እንደታሸገ ነው የተቀበልኩት» አለን። እውነቱን ይሆናል። ሳጥኑ ከማሳ እስከ እኛ በስንት እጅ ሲያልፍ ከሥሩ ያየ ወይም አይቶ የተናገረ አልነበረም። የፈረጠውን ጥለን ለተጨማሪ ሳጥን ገንዘብ አዋጣን፤ መቂ ያለው ገበሬ ግን ከሁለተኛው ሳጥን ምን እንደደረሰው አልጠየቅንም።