በመረጃ መረብ ሥራ የአምራች ልዩነትና የጋራ ደረጃ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የመረጃ መረብ መሣሪያ አምራቾች ከተፎካካሪዎቻቸው ለመለየት የሚያደርጉትን ጥረትና የልዩ ልዩ አምራቾች መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዲግባቡ የሚያስችሉትን ክፍት ደረጃዎች የሚመለከት ነው። ከራሴ ስሕተት ብጀምር ጉዳዩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ከዓመታት በፊት የምሠራበት መሥሪያ ቤት በግቢው ውስጥ ያሉትን ሕንፃዎች በኔትወርክ ለማገናኘት ጨረታ ሲያወጣ የቴክኒክ ዝርዝሩን ያዘጋጀሁት እኔ ነበርሁ። ከቀረቡት ስዊቾች መካከል አንደኞቹ መስመር ሲቆረጥ ትራፊኩን በሰከንድ ክፋይ ወደ ሌላ መስመር የሚያዞር ዘዴ ነበራቸው። ዘዴው የአምራቹ የግል ንብረት ነበር፤ ሆኖም ፍጥነቱ ስለማረከኝ ሳላመነታ መረጥሁት። በኋላ አዲስ ሕንፃ ተሠራና ከሌላ አምራች ስዊች ተገዛለት። አዲሶቹ ስዊቾች የነባሮቹን ዘዴ ስለማያውቁ ሕንፃውን በአንድ መስመር ብቻ ለማንጠልጠል ተገደድን። አንድ ቀን ያ መስመር በቁፋሮ ተቆረጠ። ቀኑ የደመወዝ ቀን ነበርና ሠራተኞች በአዲሱ ሕንፃ ደጃፍ እስከ ማታ ተሰልፈው ዋሉ። አምራቹ አላታለለንም፤ ዘዴው የራሱ ብቻ መሆኑን በጽሑፍ ገልጾ ነበር። ለደብዳቤና ለደመወዝ ሥራ የጥቂት ሰከንድ መዘግየት ምንም ጉዳት ስላልነበረው፣ ያደረግሁት ነገር «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት ዓይነት ነበር።

ችግሩ አዲስ አይደለም። አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1974 ኤስ.ኤን.ኤ.ን፣ ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ደግሞ በ1975 ዴክኔትን ሲያወጡ እያንዳንዱ በቅድሚያ ያሰበው የራሱን ኮምፒዩተሮች ስለ ማገናኘት ነበር። ለእኛም ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የጋራ ቁጥር እስኪያገኝ ድረስ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም አዘጋጆች ለፊደሎቹ ኮድ የሚሰጡት በየራሳቸው መንገድ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር።

የኤተርኔት ታሪክ ሌላ መንገድ ያሳየናል። እ.ኤ.አ. በ1973 በዜሮክስ የምርምር ማዕከል የተፀነሰው ይህ ዘዴ የአንድ ኩባንያ ምስጢር ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር። ይሁን እንጂ ዜሮክስ፣ ዲጂታልና ኢንቴል በ1980 ዝርዝሩን በጋራ አሳተሙት፤ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበርም በኮሚቴ አስመርምሮ በ1983 802.3 በሚል ቁጥር ደረጃ አድርጎ አጸደቀው። ብዙ አምራቾች በአንድ ደንብ ሥር ስለ ተወዳደሩ ዋጋው ረከሰ፤ ፍጥነቱም በሰከንድ ከ10 ሚሊዮን ቢት ተነሥቶ በመቶ ቢሊዮኖች ወደሚቆጠር ደረሰ። ይህን ደረጃ ያጸደቀው እንደ እኛው ያለ የባለሙያዎች ማኅበር መሆኑን ልብ ይሏል።

ሆኖም አምራቹን ብቻ መውቀስ ትክክለኛ ፍርድ አይሆንም፤ ኮሚቴም የራሱ ጉድለት አለው። የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ1984 ያወጣው ባለ ሰባት ንብርብር ሞዴል ዛሬ በይበልጥ የሚያገለግለው ለማስተማሪያ ነው። ዓለም በተግባር የተቀበለው ግን አርፓኔት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1983 ጀምሮ የሠራበትን ቲ.ሲ.ፒ./አይ.ፒ.ን ነው። በኔትወርክ ኬብል ለስልክ መሣሪያ የኤሌክትሪክ ኃይል መስጠትንም ብንወስድ፣ ሲስኮ በራሱ ዘዴ በ2000 ለገበያ ሲያቀርበው የጋራው ደረጃ የጸደቀው በ2003 ነው። ስለሆነም የአምራች ልዩነት ብዙ ጊዜ የደረጃ ዘር ነው፤ ጉዳት የሚሆነው ዘሩ በአንድ ሰው ጎተራ ተዘግቶበት ሲቀር ነው።

ከዚህም የተነሣ ጥያቄው ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ሳይሆን ድንበሩ የት ይሁን የሚለው ነው። በመሣሪያው ውስጥ፣ ማለትም በፍጥነቱ፣ በጥንካሬውና በጥገና አገልግሎቱ አምራቹ እንደ ልቡ ይወዳደር። አንዱ መሣሪያ ከሌላው በሚጋጠምበት ቦታ ግን የጋራው ደረጃ ይግዛ። ይህን ድንበር የሚያስከብረው አምራቹ ሳይሆን የጨረታውን ዝርዝር የሚጽፈው ባለሙያ ነው።

ስለዚህ ከመፈረማችን በፊት ሦስት ነገሮችን እንድንጠይቅ አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ መሣሪያው የሚከተለው ደረጃ በቁጥር ተጠቅሷልን? ሁለተኛ፣ ከሌላ አምራች መሣሪያ ጋር ተገናኝቶ ሲሠራ በዓይናችን አይተናልን? ሦስተኛ፣ የአምራቹ የግል ዘዴ ቢዘጋ ሥራችን ይቀጥላልን? ሦስተኛውን ጥያቄ በጊዜው ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ከተሰለፉት ሠራተኞች ፊት አንገቴን ደፍቼ ባልቆምሁ ነበር።