ዝናቡ ሳይቀድመን

ዛሬ የምንጫወተው ስለ ጓሯችን ነው።

እነሆ ግንቦት ገባ። ሞፈርና ቀንበሩን ስናበጅ ጓሮውን «የሴት ሥራ ነው» ብለን እንተወዋለን። ይህ ስሕተት ነው። ነሐሴ ላይ ጎተራው ሲሟጠጥ ቤቱን የሚደጉመው የጓሮ ጎመን ነው።

ባለፈው ዓመት እበቱን ሁሉ ኩበት ጠፍጥፈን አነደድነው። ጎመናችን ቢጫ ሆኖ ቀጨጨ። ትንሹ ልጃችንም ሲመሽ እየተደናበረ ከምሰሶ ጋር ይጋጭ ጀመር። ጤና ጣቢያ ብንወስደው «ዳፍንት ነው» አሉን። መድኃኒት ሰጡትና «ጎመንና ካሮት አብሉት፤ ቅባት ጠብ አድርጉበት» ብለው መከሩን።

ዘንድሮ እበቱን ለሁለት ከፈልነው። ግማሹን ለምድጃ አስቀረን። ግማሹን ከገለባና ከቅጠል ጋር ደባልቀን ጉድጓድ ውስጥ ከተትነው። ከወራት በኋላ ሽታው ጠፍቶ ጥቁር አፈር መሰለ። ያልበሰበሰ እበት ግን ችግኝ ያቃጥላል። መደቡንም ከፍ አድርገን ውሃ እንዳይተኛበት ቦይ አወጣንለት።

እንግዲህ ባልም ሚስትም ተጋግዘን እንቆፍር። ማገዶ እንዳያጥረን በአጥራችን ዙሪያ ዛፍ እንትከል። እበቱን ሁሉ ካነደድን የልጆቻችንን ጎመን አነደድን ማለት ነው።