ከመዝሙር ቤት የወጡ ድምፆች
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



መዝሙር ለእግዚአብሔር፤ ዘፈን ለዓለም ነው ሲባል እየሰማን ያደግን ተማሪዎች፤ ዛሬ ስለ አንድ የዘፋኞች ቡድን ለመናገር ስንነሣ የሚደነቅ ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ይህ ቡድን የበቀለው ከመዝሙር ቤት ስለ ሆነ፤ አስቀድሞ ሰምቶ ኋላ መፍረድ ይገባል እንላለን።

ኢምፕሬሽንስ የሚባሉት በአሜሪካ አገር፤ በቺካጎ ከተማ ስማቸው የተጠራ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ኩርቲስ ሜይፊልድና ጄሪ በትለር የተዋወቁት በቤተ ክርስቲያን ሲዘምሩ ነው። በ1958 (ዓመቶቹን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው) የመጀመሪያው ታላቅ ሸክላቸው ሲወጣ የበትለር ስም ከቡድኑ ስም ቀድሞ ታተመ፤ ቅሬታ ገባ፤ በትለርም ብዙ ሳይቈይ ተለያቸው። ኋላም ሌሎች ሁለት ወጡና ሜይፊልድ፤ ሳም ጉደንና ፍሬድ ካሽ ሦስት ብቻ ቀሩ። በእኛ አስተያየት ማነሳቸው ጠቀማቸው። ሜይፊልድ በቀጭን ድምፁ ይመራል፤ ጉደን ከሥር በወፍራም ድምፅ ይደግፋል፤ አንዱ የጀመረውን ቃል ሌላው ይቀበለዋል። የሚጮኽ የለም።

የሜይፊልድ ጊታርም የሚያስገርም ነው። ያለ አስተማሪ ስለ ተማረ አውታሮቹን የቃኘው በፒያኖ ጥቁር ቁልፎች ድምፅ ነበር። እነዚህም በየኦክታቩ አምስት ናቸው፤ ጎን ለጎን ከተቀመጡት ከሦስቱ ጥቁሮች ከመጀመሪያው ተነሥቶ በተራ የመታቸው ሰው የትዝታን ቅኝት ያገኛል። ሜይፊልድ ከእኛ ወሰደ ማለታችን አይደለም፤ ግን ክራር የሚመታ ተማሪ ሁሉ ፒያኖ ፊት ተቀምጦ ይሞክረው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንምጣ። በ1964 የወጣው «ኪፕ ኦን ፑሺንግ» መዝሙር ሊባል ጥቂት ብቻ ቀርቶት ነበር፤ ሜይፊልድ ራሱ እንዳስረዳው፤ ብርታትን የሚሰጠው እግዚአብሔር ነው በሚለው ፈንታ ብርታት አለኝ ብሎ ቃሉን ለወጠ። ከመካከላችን አንዳንዶቹ ይህ ለገበያ ሲባል የፈጣሪን ስም መፋቅ ነው ብለዋል። ነቀፋው ቀላል አይደለም። የቀረነው ግን ዘመኑን እናስባለን፤ በአሜሪካ አገር ደቡባዊ ክፍል ጥቁር ሰው ድምፅ ለመስጠት ሲሄድ ይደበደብ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ የሚቀረውን ዜማ፤ ወደ መንገድና ወደ ራዲዮ ማን ያውጣው? ደግሞም በ1965 በ«ፒፕል ጌት ሬዲ» የፈጣሪን ስም በግልጥ መልሶ አስገብቶታል። በዚያ ዘፈን ያለው ባቡርም የጥንት የባሪያዎች መዝሙር ባቡር ነው።

ሜይፊልድ በ1970 ቡድኑን ትቶ ብቻውን ዘፈነ። በ1990 በብሩክሊን መድረክ ላይ የመብራት ዕቃ ወድቆበት ከአንገቱ በታች ሽባ ሆነ። ቢሆንም በ1996 ያወጣውን የመጨረሻ አልበሙን በጀርባው ተኝቶ፤ ትንፋሹ በፈቀደለት መጠን ስንኝ በስንኝ እየቀዳ ፈጸመ፤ በ1999 ዐረፈ።

እነሆ «ፒፕል ጌት ሬዲ»ን ሁለት ጊዜ እናሰማችኋለን፤ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በመጀመሪያው ሜይፊልድን ተከተሉ፤ በሁለተኛው ግን እርሱን ተዉትና ከሥር ያለውን ጉደንን አድምጡ።