ለልጁ የመጀመሪያ፣ ለወላጁ ሁለተኛ ቋንቋ

 ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን! ዛሬ የምናነሳው መስማት የተሳናቸውን ልጆቻችንን ጉዳይ ነው። ልጁ ከአባቱ ጎን ቆሞ አባቱ ሩኩዕ ሲያደርግ ያደርጋል፣ ሱጁድ ሲወርድ ይወርዳል። ለማን እንደሚሰግድ ግን የነገረው የለም። ይህ የሚሆነው ወላጆቹ ስለማይወዱት ሳይሆን ከእርሱ ጋር የጋራ ቋንቋ ስለሌላቸው ነው።

መስማት ከተሳናቸው ልጆች አብዛኞቹ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። በየቤታችን «ና»፣ «ብላ»፣ «ተኛ» የምንልባቸው የእጅ ምልክቶች ለዕለት ጉዳይ ይበቁ ይሆናል። ተውሒድን፣ ሐላልና ሐራምን ለማስረዳት ግን አይበቁም። የምልክት ቋንቋ ከዚህ የተለየ ነው። የራሱ ቃላትና ሰዋስው ያለው ቋንቋ መሆኑን ዊልያም ስቶኪ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ በ1960 ባሳተመው ጥናት አሳይቷል። በአገራችንም የአማርኛን ፊደል በእጅ የመግለጫ ስርዓት አለ፤ የፊደሉ ዘር በጣቶች ቅርጽ፣ ሰባቱ ድምፆች ደግሞ በእጅ እንቅስቃሴ ይለያሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ ከ2008 ጀምሮ የኢትዮጵያን ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ አስተምሯል።

በዲናችንም ምልክት የተናቀ አይደለም። ዘከሪያ (ዐ.ሰ) ለሦስት ቀናት ሰዎችን በምልክት ብቻ እንዲያናግሩ መደረጋቸው በሱረቱ ኣሊ ዒምራን፣ መርየም (ዐ.ሰ) ለወገኖቻቸው ወደ ሕፃኑ በማመልከት መመለሳቸው በሱረቱ መርየም ተወስቷል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የወሩን ቀናት ቁጥር በጣቶቻቸው ማሳየታቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። የፊቅህ ሊቃውንትም መናገር የማይችል ሰው የታወቀ ምልክት በሽያጭም በኒካሕም እንደ ንግግር እንደሚቆጠር አስፍረዋል። እንግዲያው መስማትና መናገር የተሳናት እህታችን ኒካሕ ሲታሰርላት ፈቃዷ በራሷ ቋንቋ ሊጠየቅ፣ መልሷም በሚረዷት ሰዎች ፊት ሊሰጥ ይገባል።

አንዳንድ ወላጆች «ምልክት ከለመደ አንደበቱ አይፈታም» ብለው ይሰጋሉ። ምልክት ቋንቋ ንግግር ከመማር አያግድም። የሚጎዳው ልጁ ያለ አንዳች ቋንቋ መቆየቱ ነው፤ ምክንያቱም አእምሮ ቋንቋን በቀላሉ የሚቀበልባቸው የሕፃንነት ዓመታት ካለፉ አይመለሱም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ልጁ የመጀመሪያ ቋንቋውን የሚለምደው እንደማንኛውም ሕፃን አብሮ በመዋል ነው። ስለዚህ መስማት ከተሳናቸው አዋቂዎችና እኩዮቹ ጋር እናገናኘው። የጽሑፍ አማርኛን በዚያ ላይ ተመስርቶ ሁለተኛ ቋንቋ አድርጎ ይማረዋል። እኛ ወላጆች ግን እንደማንኛውም የውጭ ቋንቋ ተማሪ በትምህርትና በድግግሞሽ ልንማረው ግድ ነው። በተለይ ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛ፣ የአማርኛን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል በእጅ መገልበጥ ምልክት ቋንቋ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ጥያቄው፣ አሉታው ከፊት ገጽታ ጭምር ስለሚነበብ ዓይን ለዓይን እየተያየን እንነጋገር። እናት ብቻዋን ተምራ አስተርጓሚ ሆና እንዳትቀር አባትም፣ ወንድምና እህትም ይማሩ። የመስጂድ ኮሚቴዎችም ለደርስ አስተርጓሚ ያዘጋጁ፤ ብርሃን ባለበት፣ እጁ በሚታይበት ቦታ ያቁሙት።

ልጆች ከአላህ የተሰጡን አማና ናቸው፤ የማይሰማውም ልጅ ያው አማና ነው። አላህ (ሱ.ወ) አማናችንን የምንወጣ ያድርገን። ኣሚን።