ጉንፋን ከብርድ ይመጣልን?

(የጤና ክበብ አባላት በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ያደረጉት ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ጉንፋን ነው። ጉንፋንን ሰው ሁሉ ይንቀዋል፤ ነገር ግን የናቀው ተማሪ ሦስት ቀን ከትምህርቱ ይቀራል፤ ወደ ቤቱም ይዞት ሲገባ ሕፃኑንና ሽማግሌውን አልጋ ላይ ይጥላል። ስለዚህ ጥቂት ጊዜያችሁን ልንወስድ ደፍረናል።

ዝናቡ አባርቶ አዝመራው ሲደርስ የደጋው ነፋስ ሉማሜን ጧትና ማታ ያንዘፈዝፋታል። በዚያን ጊዜ ያፈነጠሰ ሁሉ «ብርድ መታኝ» ይላል። ጉንፋንን የሚያመጣው ግን ቫይረስ የሚባል በዓይን የማይታይ ረቂቅ ነገር ነው፤ ከሰው ወደ ሰውም በትንፋሽ፣ በሳል፣ በማስነጠስና በእጅ ይተላለፋል። ታዲያ በብርድ ወራት ስለ ምን ይበዛል ቢባል፣ ብርዱ ራሱ ጥቂት ድርሻ ቢኖረውም፣ ትልቁ ምክንያት በርና መስኮት ዘግተን ተፋፍገን መቀመጣችን ነው። አንዱ ያወጣውን አየር ሌላው መልሶ ይስበዋል።

ይህን ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀው ከገጠር መጥቶ በከተማችን ቤት ተከራይቶ የሚማረው ጓደኛችን ነው። አራትም አምስትም ሆነው በአንዲት ክፍል ያድራሉ፤ መስኮት ካላትም በማዳበሪያ ከረጢት ትደፈናለች፤ ምድጃውም እዚያው ይጨሳል። ጢስ ደግሞ የሳንባን መከላከያ ያደክማል። አንዱ ሰኞ ካስነጠሰ ዓርብ ሳይደርስ ሁሉም ያስላሉ። እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ቤት ስትከራዩልን የኪራዩን ዋጋ ብቻ ሳይሆን መስኮቱንም እዩልን። አንድ ብርድ ልብስ መጨመር መስኮት ከመድፈን ይሻላል። በስንቁም ከበሶውና ከድርቆሹ ጋር ጥቂት ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ቢገኝም እንቁላል ይታከልበት፤ ሰውነት በሽታን የሚከላከለው ከሚበላው ነገር ነውና።

ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ ዘመዳሞች ቢመስሉም አንድ አይደሉም፤ ኢንፍሉዌንዛ እጅግ ይከፋል። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው «የኅዳር በሽታ» ያን ጊዜ ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። በከተማይቱ ወደ 10,000 የሚሆን ሰው እንዳለቀ ይገመታል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠሉ ልማድ ከዚያ መከራ ጋር የተያያዘ ነው። መጥረጉ መልካም ነው፤ ጢሱ ግን ቫይረስን አያባርርም፤ የሚያስለውን ሰው ይብስ ያስለዋል እንጂ።

ስለ ባህል መድኃኒትም ዝም ብለን አናልፍም። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳምና ዳማከሴ በየጓሯችን አሉ። ትኩስ ነገር መጠጣት ጉሮሮን ያሳርፋል፤ ነገር ግን ነጭ ሽንኩርት የበላ ጉንፋን አይዘውም የሚለው ገና በምርመራ አልተረጋገጠም። ማር ሳልን በእርግጥ ያስታግሣል፤ ዳሩ ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን ከቶ አይሰጥም፤ ለሕይወቱ የሚያሰጋ መርዝ ሊፈጥርበት ይችላልና። የሕፃን ጋሻው እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ነው። የባሕር ዛፍ እንፋሎት የሚታጠንም ሰው ማሰሮው እንዳይገለበጥ ይጠንቀቅ፤ ልጆችንም ያርቅ።

ለእኛ ለተማሪዎች ግን ያለ ገንዘብ የሚገኘው መድኃኒት እንቅልፍ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት 164 ጤነኛ ሰዎች እንቅልፋቸው ከተለካ በኋላ የጉንፋን ቫይረስ በአፍንጫቸው ተጨመረባቸው ይላል። ከስድስት ሰዓት በታች የተኙት ከሰባት ሰዓት በላይ ከተኙት ይልቅ አራት እጥፍ ያህል ለጉንፋን የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። በፈተና ሰሞን ሌሊቱን ሙሉ መጽሐፍ ላይ የሚያነጋ ጓደኛችን ይህን ይስማ።

እጅ መታጠብንም በ2012 ዓ.ም. ኮሮና በመጣ ጊዜ ሁላችን ተምረን ነበር። በየደጁ የተሰቀለው ጀሪካን ዛሬ ወዴት ገባ? ሳሙናና ውኃ የጉንፋንንም ቫይረስ ያጥባሉ።

ሌላው የምንለምነው፣ ለጉንፋን ከመድኃኒት ቤት ካፕሱል ገዝቶ መዋጥ ይቅር። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይገድልም፤ ያለ ቦታው የተዋጠውም በእውነት በሚያስፈልገን ቀን አይሠራልንም። ሕፃን ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ጎኑ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም መጥባት ካቃተው ግን ነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

መምህራኖቻችንን የምንለምነው አንድ ነገር ነው። በየክፍለ ጊዜው መካከል መስኮቶቹ ለጥቂት ደቂቃ ይከፈቱ። በመስኮት አጠገብ የሚቀመጠው ልጅ እንደሚበርደው እናውቃለን፤ መስኮቱን ቶሎ የሚዘጋውም እርሱ ነው፤ ስለዚህ በየሳምንቱ ቦታ እንድንቀያየር ይፈቀድልን።