በእጅ ስልክ ያልተነበበ ማስታወቂያ
ለሰበካ ጉባኤና ለልማት ኮሚቴ አባላት የቀረበ ንግግር



ንግግሬን የምጀምረው የራሴን ጥፋት በመናገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ያሠራውን ድረ ገጽ ተመልክቼ ለክፍያ እንዳጸድቅ ተጠየቅሁ። በቢሮዬ ባለው ሰፊ ኮምፒውተር ከፈትሁት፤ ሥዕሉም አቀማመጡም ደስ አሰኘኝ፤ «ሥራው ተጠናቋል» ብዬ ፈረምሁ። ወራት ሳይቆዩ የአጥቢያው ልማት ኮሚቴ፣ ወላጆቻቸውን ላጡ ሕፃናት የትምህርት መሣሪያ ድጋፍ ምዝገባ መጀመሩን የሚገልጸውን ደብዳቤ፣ ማኅተሙ እንዳረፈበት ስካን አድርጎ በዚሁ ድረ ገጽ ላይ አወጣ። የሟች ልጃቸውን ልጆች የሚያሳድጉ አንዲት እናት ግን የመጡት ምዝገባው ከተዘጋ በኋላ ነበር። ማስታወቂያውን የጎረቤት ልጅ በስልክ ከፍቶላቸው ነበር። ነገር ግን ፊደሉ እንደ ጤፍ ፍሬ ደቅቆ አልነበብ አለ፤ ሲያሰፉት ደግሞ የመስመሩ ግማሽ ከስክሪኑ ውጭ ሆነ፤ ቀኑን ሳያገኙ የተሞላው ዳታ አለቀ። ኮሚቴው «አሳውቀናል» ብሎ መዝገቡን ዘግቷል፤ መልእክቱ ግን እርሳቸው ዘንድ አልደረሰም። በዚያ ዓመት ልጆቹ ድጋፉን ሳያገኙ ቀሩ። የፈረምሁት እኔ ነበርሁና ነገሩ እስከ ዛሬ ይወቅሰኛል።

የችግሩ ምንጭ ምንድን ነው? የቀድሞ ድረ ገጾች ይነደፉ የነበረው ለጠረጴዛ ኮምፒውተር ስፋት ነው። እንዲህ ያለው ገጽ በስልክ ሲከፈት ስልኩ ገጹን በሙሉ አሳንሶ ያሳያል፤ ጽሑፉም አብሮ ይደቃል። አሜሪካዊው የንድፍ ባለሙያ ኢታን ማርኮት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ጽሑፍ፣ አንድ ድረ ገጽ እንደሚታይበት ስክሪን ስፋት ራሱን የሚያስተካክልበትን አሠራር አብራርቶ ስም ሰጠው። ዛሬ ይህ አሠራር በሙያው የተለመደ ነው። ስለዚህ ባለሙያ ስንቀጥር «በስልክም በሚገባ ይነበብ» ማለት ቅንጦት መጠየቅ አይደለም፤ በውሉ ላይ ሊጻፍ የሚገባው የመጀመሪያ ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከፊደላችን ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በአንዱ ኮምፒውተር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ሊሆን ይችል ስለ ነበር፣ ጽሑፍን እንደ ሥዕል አድርጎ ማውጣት ብዙ ጊዜ ግድ ይሆን ነበር። ዛሬ ስልኮቻችን ፊደላችንን ያውቃሉ፤ ልማዱ ግን አልለቀቀንም። ልዩነቱን በሚዛን እንየው። በድረ ገጽ ላይ አንድ የአማርኛ ፊደል በተለመደው አሠራር የሚወስደው 3 ባይት ነው። እንግዲህ 3 ሜጋ ባይት የሚመዝን አንድ የደብዳቤ ፎቶግራፍ የአንድ ሚሊዮን ፊደላት ያህል ዳታ ይበላል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ወስዶም መስመሩ ከስክሪኑ ስፋት ጋር አይታጠፍም።

የትኛውም ኮሚቴ የኮምፒውተር ሙያ ሳያስፈልገው ባለሙያውን ሊጠይቃቸው የሚችሉ አምስት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ማስታወቂያ ሁሉ በፊደል ተጽፎ ይውጣ፤ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ካስፈለገ ከሥር ይያያዝ።

ሁለተኛ፣ ምን፣ ለማን፣ የት፣ እስከ መቼ የሚለው ይቅደም፤ ሰላምታውና የታሪክ ገለጻው ከታች ይሁን። የስልክ ቁጥሩም ሲነካ የሚደውል ይሁን።

ሦስተኛ፣ ፊደሉ ከ16 ፒክስል አይነስ። «ሉ» እና «ሊ» የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ጭረት ቦታ ብቻ ነውና ጽሑፍ ሲደቅ ቃሉ ይምታታል።

አራተኛ፣ ገጹ ወደ ታች እንጂ ወደ ጎን የሚገፋ አይሁን፤ ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለዚህ መለኪያ ያደረገው የ320 ፒክስል ስፋት ነው። የሚነኩት ምልክቶችም የአረጋዊ አውራ ጣት ሳይሳሳት የሚያገኛቸው ይሁኑ።

አምስተኛ፣ ፎቶግራፎች ከመውጣታቸው በፊት መጠናቸው ይቀነስ፤ ቪዲዮም ሰው ሳይነካው በራሱ አይጀምር። የበዓል ምስል መልካም ነው፤ ነገር ግን የድሀውን ዳታ ጨርሶ ማስታወቂያውን ሊያስቀርበት አይገባም።

በመጨረሻም፣ ክፍያውን ከመፈረማችሁ በፊት እኔ ያላደረግሁትን አድርጉ። ከአባላቱ መካከል ዋጋው ዝቅተኛ የሆነውን ስልክ ተዋሱ፤ ዋይፋዩን አጥፉ፤ ከቢሮ ወጥታችሁ በቅጽረ ቤተ ክርስቲያኑ ፀሐይ ላይ ቁሙ። ድረ ገጹን ከዚህ በፊት ላላዩ አንድ ምእመን ስልኩን ሰጥታችሁ «የምዝገባው የመጨረሻ ቀን መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አትርዷቸው፤ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ቀኑን ካገኙት ፈርሙ፤ ካላገኙት ሥራው አልተጠናቀቀምና ለባለሙያው መልሱ።

ድረ ገጽ በዐውደ ምሕረት የሚነገረውን ማስታወቂያ አይተካም፤ በዚያ ዕለት ያልተገኙትን ለመድረስ የሚጨመር ነው። ታዲያ ልንደርስላቸው የሚገቡት ሰዎች በእጃቸው በያዙት ስልክ ሊነበብ ካልቻለ፣ ማስታወቂያው እንደ ወጣ አንቍጠረው።